የሽንት ቤቱ ግዝት

ወይንሀረግ የሚያስጠላት ነገር ብዙ ነው። በጨቀየ ጫማ ቤት የሚገባ ሰው ያስጠላታል፣ ምራቁን እየተፋ የሚያወራ ያስጠላታል፣ የቀበሌ ስብሰባማ አይነሳባት። ግን እንደ ጎረቤቷ እንደ ጋሽ ገረሱ «እግዜር ያውቃል» የሚያስጠላት ነገር በልደታ ሰፈር አልነበረም። እግዜርን የሚጠራ አፍ መጸየፍ ኃጢአት መሆኑ አልጠፋትም። ምን ታድርግ ታዲያ፣ ይዘገንናታላ!

ነገሩ የሽንት ቤት ነገር ነው። አፍንጫችሁን ያዙ እንጂ ጆሯችሁን አትድፈኑ።

ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ ስድስት አባወራዎች በአንድ ጉድጓድ ይጠቀማሉ። ጉድጓዱ በጃንሆይ ጊዜ የተቆፈረ ነው፤ ቤቶቹ ሲወረሱ እሱም አብሮ ተወረሰ። ከዚያ ወዲህ «የመንግሥት ነው» እየተባለ ማንም ዘወር ብሎ አላየውም። ወለሉ የእንጨት ርብራብ ነው፤ ከመበስበሱ የተነሳ ሰው ሲረግጠው ያቃስታል። ከሥር ያለው ደግሞ ሞልቶ ሞልቶ ርብራቡን ሊነካ ስንዝር ቢቀረው ነው። ትሉ በግድግዳው ሽቅብ ይሄዳል፣ ዝንቡን ተዉት። ወይንሀረግ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ደምና መግል አይደንቃትም። እዚያ ለመግባት ግን ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ፣ ትንፋሿን ውጣ ነው።

ይህም ቢሆን በተቻለ ነበር። ግን ግቢው ተዳፋት ነው፤ የሷ ቤት ደግሞ ታችኛው ጫፍ ላይ። ክረምት በገባ ቁጥር ጉድጓዱ ውሃ ይሞላና ያንን ሁሉ ጉድ ተፍቶ ቁልቁል ይለቀዋል። አምና በነሐሴ በበሯ ሥር ገባ። ብትጠርግ፣ ብታጥብ፣ በአመድ ብትደፍን፣ አልሆነም። የሴት ልጇ የሸዋዓለም ልጅ፣ ትንሹ በድሉ፣ ያኔ በዚያው ቤት ገና መዳህ መጀመሩ ነበር። ሕፃን ምን ያውቃል፣ የነካውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። ተቅማጥ ያዘው፤ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ቀበሩት።

በለቅሶው ድንኳን ጋሽ ገረሱ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ከሸዋዓለም ፊት ቆመው «እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ። ለምን እንዳደረገው እሱ ያውቃል። በርቺ ልጄ» አሉ። አሉና ሲወጡ፣ ያ ከሽንት ቤቱ የወረደ አረንጓዴ ጭቃ ጫማቸውን እንዳይነካባቸው ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው ዘለሉት። ወይንሀረግ ያችን ዝላይ አየቻት። እንባዋ እዚያው ደረቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሳቸውን ድምፅ በሰማች ቁጥር የዚያ ጭቃ ሽታ ይመጣባታል።

ሸዋዓለም ደግሞ እንደገና አረገዘች። ባሏ ዋቅሹማ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አልፎ አልፎ ብቅ ይልና አድሮ ይሄዳል። ሐኪሙ ቆጥሮ የመውለጃሽ ጊዜ ሐምሌ ነው አላት። ሐምሌ! ወይንሀረግ ይህን ስትሰማ «ክረምት ሳይገባ አዲስ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ አለዚያ እኔ ወይንሀረግ አይደለሁም» ብላ ማለች።

ለአፍ ቀላል ነው። ጉድጓድ ግን በአንድ ሴት አይቆፈርም፤ ግቢው መተባበር አለበት። ግቢውን የሚያስተባብሩት ደግሞ እነሆ፣ ጋሽ ገረሱ ናቸው። የግቢው ሽማግሌ እሳቸው፣ በየወሩ የሚጠጣው የልደታ ማኅበር መሪ፣ ሙሴው፣ እሳቸው። እሳቸው ሳይሉ እዚያ ግቢ ድንጋይ ከቦታው አይነሳም። ሄዳ ነገረቻቸው።

«መልካም አስበሻል» አሉ። «ይቆፈራል፣ ለምን አይቆፈርም! ግን ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው።»

እሺ፣ ሚካኤል ይለፍ። ከሚካኤል በኋላ ኪዳነ ምሕረት መጣች፤ ኪዳነ ምሕረት ለገብርኤል፣ ገብርኤል ለማርያም፣ ማርያም ለጊዮርጊስ፣ ጊዮርጊስ ለመድኃኔዓለም እያቀበሉ ወሩን ጨረሱት። በመሃል ባዶ ቀን ቢገኝ ቀበሌው ይወስደዋል፦ ስብሰባ ነው፣ ሰልፍ ነው፣ የጽዳት ዘመቻ ነው። አዎ፣ የጽዳት ዘመቻ! ግቢያቸው እየገማ የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ ሊቀቡ ይወጣሉ። ጥር ሆነ፤ «በሠርግ ወር?» ጾም ገባ፤ «በጾም አንጀት ማን ዶማ ያነሳል?» ጾሙ ተፈታ፤ «በሃምሳው አፈር ልንገፋ ነው እንዴ?» በየመሃሉ ያቺ ቃል አለች። «አትቸኩዪ ወይንሀረግ። እግዜር ያውቃል።» እሷም ጥርሷን ነክሳ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ቀበሌም ሄዳ ነበር። ያኔ ዕቅድ የሚባል ነገር በሬዲዮም በስብሰባም የሚዘመርበት ጊዜ ነው፤ ከሊቀመንበሩ ራስ በላይ ራሱ ስለ ዕቅድ በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር ተሰቅሏል። ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ሰማት። «ጓዲት፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። በመጪው ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንይዘዋለን።»

«ጉድጓዱ እኮ እስከ መጪው ዓመት አይጠብቀንም።»

«የግለኝነት ስሜት ይታይብሻል» ብሎ ሸኛት።

ደጅ ወጥታ ትፍ አለች። ታዲያስ፣ አንዱ ሁሉን በእግዜር ላይ ጥሎታል፣ ሌላው ሁሉን በዕቅድ ላይ ጥሎታል፤ አካፋ የሚያነሳ ግን አንድ የለም።

የለም ማለትስ ግፍ ነው፤ አንድ ነበር። ጎረቤቷ አብዱልመናን የወሎ ሰው ነው፣ ግንበኛ ነው፣ ዶማውም ክንዱም አለው። አንድ ቀን በማለዳ «እትዬ፣ እኔ ልጀምረው፤ ሲያዩ ይከተላሉ» ብሎ ኮቱን አወለቀና ከግቢው ማዶ ጥግ መቆፈር ጀመረ። ጋሽ ገረሱ ነጠላ ጫማቸውን አዟዙረው እንዳጠለቁ እየሮጡ ወጡ።

«አብዱልመናን! ምን ነካህ? ዛሬ እኮ ማርያም ናት!»

«እኔን አይመለከተኝም እኮ ጋሽ ገረሱ።»

«አንተን አይመለከትህም፣ መሬቱን ይመለከተዋል! በማርያም ቀን አፈር ተነክቶ በረዶ ቢወርድ ማን ሊጠየቅ ነው?»

አብዱልመናን ጨዋ ሰው ነው። የጎረቤት ሃይማኖት ደፈረ ከምባል ብሎ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። የጀመራት ጉድጓድ ለጉልበት እንኳ አልደረሰችም። የበልግ ዝናብ ሲጥል ልጆች የወረቀት ጀልባ ያንሳፍፉባት ጀመር።

እንዲህ እንዲህ ሲባል ግንቦት ልደታ ደረሰ። ልደታ እንደሚታወቀው ደጅ ነው የምትከበረው፤ ንፍሮውም ዳቦውም ጠላውም ከቤት ወጥቶ፣ ጎረቤት ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ነው። የዚያ ግቢ ሜዳ ደግሞ የሽንት ቤቱ ጀርባ ነው፣ ሌላ ቦታ የለም። ከዋዜማው ዘንቦ ነበርና ሽታው ተነስቷል። ከቅዳሴ መልስ ቄጤማ ተጎዘጎዘ፣ ንፍሮው በሰፌድ ቀረበ። ዝንቡ ከወዲያ ይነሳና ሰፌዱ ላይ ያርፋል፤ ከሰፌዱ ይነሳና ወዲያ ይመለሳል። ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ይዘግናል። ጋሽ ገረሱ በቀኛቸው ንፍሮ እየዘገኑ በግራቸው ዝንቡን በጭራ ያባርራሉ። «አይ ልደታ! ውበቷ እኮ ድሮም ደጅ ነው» ይላሉ።

ሸዋዓለም ሆዷ ገፍቷል። አንድ ፍሬ ባቄላ እስከ አፏ አድርሳ መለሰችው፤ ተነስታ ሮጠችና አጥሩ ሥር አስመለሰች።

«ሽሉ ነው፣ ሽሉ ነው» ብለው ሳቁ ጋሽ ገረሱ።

ወይንሀረግ እዚያው ወሰነች። የማኅበሩ የንስሐ አባት፣ አባ ገብረየሱስ፣ ማዕዱን ባርከው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ቅርብ ነው። ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች፣ መስቀላቸውን ተሳለመች።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ይህን ግቢ ይገዝቱልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ግዝት ይጣሉልኝ። ከዚያ ሽንት ቤት የገባ የተገዘተ ይሁን ይበሉልኝ። እነዚህ ሰዎች ቀበሌ አይፈሩም፣ በሽታ አይፈሩም፤ ግዝት ግን ይፈራሉ። ግዝት ካልያዛቸው አይቆፍሩም፤ ካልቆፈሩ ደግሞ ሐምሌ ላይ የሚወለደውም እንደ ወንድሙ ነው።»

ጠላ የያዘው ሁሉ ሳቀ። አባ ግን አልሳቁም፣ ተቆጡ። «ግዝት የእግዚአብሔር ሰይፍ ነው ልጄ። ለሽንት ቤት አይመዘዝም።»

«ይተዉዋት አባ» አሉ ጋሽ ገረሱ ጭራቸውን እያወዛወዙ። «እምነት አንሷት ነው። ሁሉን በሰው ጉልበት ማድረግ ትፈልጋለች። ስንቴ እግዜር ያውቃል ብያታለሁ መሰልዎ!»

ወይንሀረግ ተነሳች። ለካ አባም ያው ናቸው! መስቀሉን የሳመችበት ከንፈሯ መረራት። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ጠርጋ ደግሞ በማድረጓ ደነገጠች። ከምድጃው ዘንድ ሄዳ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ቆመች።

የልደታ ጠላ ግን ያው ጠላ ነው፤ ገብቶ አይቀርም። ጥቂት ቆይቶ አባ ገብረየሱስ ተነሱና ወዲያ ወዲህ አዩ። «እንዲያው... ወደ የት በኩል ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጋሽ ገረሱ ንፍሯቸውን ማየት ጀመሩ። የጠቆመቻቸው ወይንሀረግ ናት። በደስታ ነው የጠቆመችው፣ ምን ይደበቃል!

አባ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡ። ርብራቡ ሲያቃስት ደጅ ድረስ ተሰማ። ቀጥሎ «ቋ!» አለ፤ ቀጥሎ «እመብርሃን ድረሽ!» የሚል ጩኸት መጣ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው አብዱልመናን ነው። አንዱ እንጨት ተሰብሮ የአባ ግራ እግር እስከ ጉልበቱ ገብቷል። በብብታቸው ይዞ ጎትቶ አወጣቸው። ጫማቸው እዚያው ቀረ።

በርጩማው ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ ወዲያ የቀረበ የለም፤ ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ራቅ አለ፣ ጋሽ ገረሱ ከሁሉም ርቀው ቆሙ። ወይንሀረግ ውሃ በባልዲ ይዛ መጣች። እጅጌዋን ሰበሰበችና የአባን እግር ታጥብ ጀመር። ትሉን በጣቷ ከቆዳቸው ላይ ለቀመች። አባ ወደ ታች እጇን ያያሉ።

«ያ አምና የቀበርነው ሕፃን...» አሉ በመጨረሻ፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «በዚህ ነው?»

«በዚህ ነው አባቴ።»

«ከዚያ በፊትስ? አንቺ ምን አድርገሽ ነበር?»

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። «ተስዬ ነበር። ልጁን ካሳደግሽልኝ ለልደታ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ። ክረምቱ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ጉድጓዱን ለሷ ተውኩላት» አለች። ይህን ስትናገር ከጋሽ ገረሱ ባልተናነሰ ራሷን ተጸየፈች።

«ጃንጥላ ሞልቷታል ልጄ» አሉ አባ።

ተነሱ። አንዱ እግራቸው ባዶ ነው፣ ቀሚሳቸው ይንጠባጠባል። መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

«ስሙኝ! ኖኅ መርከቡን የሠራው በበጋ ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰው እየሳቀበት፣ እንጨት ቆርጦ ቅጥራን ቀባ። እሱም እንደናንተ እግዜር ያውቃል ብሎ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ንፍሮ የሚበላ ሰው አይኖርም ነበር። እግዜርማ ያውቃል! ያወቀውንም ነግሮናል። ክረምት መቼ እንደሚገባ ነግሮናል፣ ጉድጓዱ እየሞላ መሆኑን በዓይናችን አሳይቶናል፣ ክንድ ሰጥቶናል። ከዚህ በላይ ምን ይበለን? አስቀድሞ አስቦ ቀን የማይቆርጥ ሰው አመነ አይባልም፤ ሰነፈ ነው የሚባለው። ስንፍናን በእግዜር ስም መሸፈን ደግሞ ከዚያ ጉድጓድ የባሰ ይገማል።»

ጋሽ ገረሱ ጭራቸውን አወረዱ።

«በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቻችኋለሁ! ከዛሬ ጀምሮ፣ አዲሱ ተቆፍሮ እስኪያልቅ፣ ከዚያ ሽንት ቤት የገባ የተገዘተ ይሁን። ቀኑ የማንም ቢሆን ቆፍሩ። ቅዱሳኑን እኔ እለምናቸዋለሁ።»

«እኔስ አባ፣ ይይዘኛል?» አለ አብዱልመናን።

«አንተን ጉርብትና ይይዝሃል። ዶማህን አምጣ።»

እንግዲህ ሽንት ቤት የሌለው ግቢ እንዴት እንደሚፈጥን ያላየ አይናገር። ጋሽ ገረሱ ግዝት የሚደፍሩ ሰው አይደሉም። በማግስቱ ማለዳ እስከ ሰንጋ ተራ፣ እህታቸው ቤት ድረስ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይመልሱ በሩጫ ሲሄዱ ታዩ። ከሰዓት የአጥር ጎረቤታቸውን በር አንኳኩ፤ ሲመሽም አንኳኩ። ጎረቤትየው ነጋ ጠባ ሲመላለሱበት «ጋሼ፣ ዛሬም ደግሞ?» አላቸው። እሱን ሰምተው ተመለሱና አካፋ ያዙ።

አብዱልመናን በጀመራት ጉድጓድ ቀጠሉ። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ወይንሀረግና ሴቶቹ አፈሩን በቆርቆሮ ያወጣሉ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማን ናቸው?» ይላል አብዱልመናን ከጉድጓዱ ውስጥ።

«አቦ» ይላሉ ጋሽ ገረሱ እያለከለኩ።

«እሳቸው ይቅር ይላሉ፣ ይቆፍሩ።»

በአቦ ተቆፈረ፣ በሥላሴ ተቆፈረ፤ በረዶም አልወረደ። ዋቅሹማ ከአሰብ ሲመለስ ለወለሉ ወፍራም ሳንቃ ጭኖ መጣ። አሮጌው በአፈር ተደፈነ፣ አዲሱ ዙሪያው ቦይ ተቀደደለት። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ በሚቀጥለው ስብሰባ በቀበሌው ዕቅድ መሠረት የተገኘ ድል ነው ብሎ አስጨበጨበለት። ወይንሀረግ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ተቀመጠች።

ክረምቱ ገባ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ወይንሀረግ ጎንበስ ብላ የበሩን ሥር በመዳፏ ትዳስሳለች። ደረቅ ነው። ሐምሌ ላይ ሸዋዓለም ሴት ልጅ ወለደች። እልል ተባለ፣ ገንፎ ተገነፋ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ።

ጋሽ ገረሱም ያንን ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ተቀመጡ። ገንፎውን በቅቤው እያጠቀሱ ጎረሱ፣ ደገሙ። ከንፈራቸው ወዝቶ ሕፃኗን አዩና ፈገግ አሉ።

«አየሽ ወይንሀረግ? እግዜር ያውቃል አላልኩሽም?»

ያ ጭቃ ሸተታት። በደረቅ ቤት ውስጥ፣ ቅቤና በርበሬ በሚሸትበት ቤት ውስጥ፣ ያ አረንጓዴ ጭቃ ሸተታት። ገንፎውን ከፊታቸው አንስታ ደጅ ልትደፋው እጇን ዘረጋች። ግን ሸዋዓለም ልጇን ታቅፋ ከአልጋው ላይ ታያታለች። እጇን ሰበሰበች።

«ያውቃል ጋሽ ገረሱ» አለች። «አምናም ያውቅ ነበር።»

የጋሽ ገረሱ ጣት ገንፎው ላይ ቆመ። ሸዋዓለም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወይንሀረግ ተነስታ ሄደችና ጎንበስ ብላ የበሩን ሥር ዳሰሰች። ደረቅ ነበር።